በኦተን የሚገኘውን «የያኑስ ቤተ መቅደስ» ፍርስራሽ ለማየት መሄድ ያዋጣል ወይ?

መንገደኛ ዘሊዮን (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ እኖራለሁ። በሚያዝያ ወር ትምህርት ቤቶች ለዕረፍት ሲዘጉ ልጆቹን ወደ ቡርጎኝ ወስጄ፣ ከኦተን ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘውንና በተለምዶ «የያኑስ ቤተ መቅደስ» የሚባለውን የጋሎ-ሮማውያን ዘመን ፍርስራሽ ላሳያቸው አስቤአለሁ። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ ስለ ጁሊየስ ቄሳርና ስለ ጎል (ስለ ጥንቷ ፈረንሳይ) ሕዝቦች ተምሮ ነገሩ በጣም ስለሳበው፣ በመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ አይቶ እንዲረዳው እፈልጋለሁ።

ያመነታሁት በፎቶግራፍ ያየሁት ነገር ጥቂት ስለሆነብኝ ነው። በሣር ሜዳ መካከል ሁለት ረጃጅም ግድግዳዎች ቆመዋል፤ ከዚያ በቀር ጣሪያም፣ ዓምድም፣ ምስልም፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍም አላየሁም። ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዞ ሁለት ግድግዳ አይቶ መመለስ ልጆቹን ያሰለቻቸዋል የሚል ሥጋት አላት፤ ሥጋቷም መሠረት የሌለው አይመስለኝም።

ቦታውን የምታውቁ ሰዎች በጥቂት ነገር ብትረዱኝ አመሰግናለሁ። ከግድግዳዎቹ ፊት ስንቆም ምን ብለን፣ ወዴት እየጠቆምን ነው ለልጆቹ የምናስረዳቸው? ቤተ መቅደሱ በእርግጥ የያኑስ (የሮማውያን አምላክ) ነበር ወይስ ስሙ በኋላ የተሰጠ ነው? የፈረሰውስ እንዴት ነው? ክርስቲያኖች አፍርሰውት ይሆን ብላ ታናሽ ልጄ ጠይቃኝ የምመልስላት አጥቼአለሁ።

የቡርጎኝ ነዋሪ

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ። ኦተን ከምኖርበት ብዙም ስለማይርቅ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ እንግዳ ባገኘሁ ቁጥር ወደዚያ ሜዳ እወስዳለሁ። የባለቤትዎን ሥጋት እረዳዋለሁ፤ ምን እንደሚያይ ሳይነገረው የሚመጣ ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ ከመመለስ አያልፍም። የሚያየው የምን ቅሪት እንደሆነ የተረዳ ሰው ግን ከግድግዳዎቹ ዙሪያ ቶሎ አይለይም። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከሁሉ በፊት ልጆቹ ማወቅ ያለባቸው፣ ዛሬ ቆሞ የሚታየው የሕንፃው እምብርት ብቻ መሆኑን ነው። በጎል፣ በብሪታንያና በራይን ወንዝ አካባቢ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቤተ መቅደሶች በቁፋሮ ተገኝተዋል፤ የአሠራራቸውም መሠረት አንድ ነው። መካከል ላይ እንደ ማማ ከፍ ያለ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ክፍል ይሠራል፤ ሮማውያን ሴላ የሚሉት ይህን ነው። በዙሪያው ደግሞ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው በረንዳ ይዞረዋል። በሴላው ውስጥ የአምላኩ ምስል ይቀመጣል፤ ምእመኑ ግን የሚሰበሰበው ከውጭ፣ በግቢው ውስጥ ነው፤ መሥዋዕቱም የሚቀርበው ደጅ ላይ ባለው መሠዊያ ነው። በረንዳው የሚያገለግለው በአምላኩ ማደሪያ ዙሪያ ለመዞር ነበር። የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ላወቀ ልጅ ይህን ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ መቅደሱን መካከል ላይ፣ ቅኔ ማኅሌቱን በዙሪያው አድርጎ የሚያስብ ሰው፣ ሃይማኖቱ ፈጽሞ ሌላ ቢሆንም፣ የሕንፃውን አከፋፈል ወዲያው ይረዳዋል።

የኦተኑ ሴላ ከፍታው ወደ 24 ሜትር ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ጎን 16 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የግድግዳው ውፍረትም ከ2 ሜትር ይበልጣል። ሕንፃው በ1ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ ይገመታል። ከአራቱ ጎኖች ሁለቱ ብቻ ቆመው ስለቀሩ ውስጡ ከውጭ ሆኖ ይታያል፤ ይህም ጉዳት ቢሆንም ለሚማር ሰው ጥቅም አለው፤ የግድግዳውን አሠራር ተቆርጦ እንደተከፈተ ነገር አድርጎ ያሳያልና። መካከሉ በኖራ የተለወሰ ድንጋይ ነው፤ ፊቱ ደግሞ በትናንሽ፣ ቁመታቸው እኩል በሆነ ጥርብ ድንጋዮች መስመር በመስመር ተለብጧል።

ልጆቹን መጀመሪያ ራቅ አድርገው ያቁሟቸውና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ይመልከቱት። ትናንሽ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች በየርቀቱ ተደርድረው ያያሉ። እነዚህ ግንበኞቹ ወደ ላይ እየወጡ ሲሠሩ የሚቆሙበትን የእንጨት ርብራብ የተከሉባቸው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከታወቁ በኋላ ሕንፃው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንዳደገ በዓይን መከተል ይቻላል። ከእነዚህ ተለይተው በአንድ መስመር የተደረደሩት ሰፋ ያሉ ጉድጓዶች ግን የበረንዳው ጣሪያ እንጨቶች የተሰኩባቸው ናቸው። እኔ እንግዶቼን ብዙ ጊዜ የማቆማቸው እዚህ መስመር ሥር ነው። ጣሪያው ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም ወራጁ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ወደ ታች ይወርድ እንደነበር ጣትን ዘርግቶ ማሳየት ይቻላል። ከዚያ መስመር በላይ ያሉት መስኮቶች የተከፈቱትም ለዚህ ነው፤ ታችኛው ክፍል በበረንዳው ስለተሸፈነ ብርሃን ወደ ሴላው ሊገባ የሚችለው ከበረንዳው ጣሪያ በላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ ሣሩ ይውረዱ። የበረንዳው የውጭ ግድግዳ መሠረት በከፊል ስለሚታይ፣ ልጆቹ በመሠረቱና በሴላው መካከል እየተራመዱ ዙሪያውን ይዙሩት። በዚያን ዘመን ሰው በእግሩ ይሄድበት የነበረው መንገድ ያ ነው። ልጄ ያነበበውን በዓይኑ አይቶ ይረዳው ላሉት፣ ከዚህ የተሻለ ነገር በየትኛውም የመስታወት ሳጥን ውስጥ አያገኙም።

ስለ ስሙ ለጠየቁት፣ ያኑስ ከዚህ ቦታ ጋር መገናኘቱን የሚያሳይ አንድም ማስረጃ የለም። ስሙ የተሰጠው ሕንፃው ከተሠራ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በነበሩ የአገሩ ሊቃውንት ነው። የቤተ መቅደሱን ባለቤት የሚናገር ጽሑፍ ስላልተገኘ የየትኛው አምላክ እንደነበር ዛሬም አይታወቅም። ያኑስ የጣሊያን አምላክ ነው፤ ቄሳር ስለ ጎል ሕዝቦች ሲጽፍ ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት መርኩሪን እንደሆነ፣ ቀጥሎም አፖሎን፣ ማርስን፣ ጁፒተርንና ሚኔርቫን እንደሚያመልኩ ይናገራል። ቄሳር የራሳቸውን አማልክት በሮማውያን ስም ጠርቶአቸው ነው እንጂ፣ ከእነዚህ ስሞች በስተጀርባ የአገሩ የቆዩ አማልክት ነበሩ። ለልጅዎ ስንነግረው ጥሩ የሚሆነው ይህ ይመስለኛል፤ የጎል ሰዎች ከድል መሆን በኋላ የሮማውያንን ኖራና ግንባታ ተቀብለው የራሳቸውን ዓይነት ቤተ መቅደስ ሠሩበት።

ቦታውም የራሱ ታሪክ አለው። የአካባቢው ሕዝብ ኤዱዋውያን ይባላል፤ የሮማ ሸንጎ «ወንድሞች» የሚል ማዕርግ የሰጣቸው የሮማ ወዳጆች ነበሩ። ዋና ከተማቸው ቢብራክት ቦቭሬ በሚባል ተራራ ላይ ነበረች፤ ቬርሲንጄቶሪክስም በ52 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የጎል ጦር ሁሉ መሪ ሆኖ የተረጋገጠው እዚያ ነው። በአውግስጦስ ዘመን ሕዝቡ ከተራራው ወርዶ ዛሬ ኦተን በምትባለው አዲስ ከተማ ሠፈረ። ቤተ መቅደሱ ያለው ግን ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ አሩ የሚባለውን ወንዝ ተሻግሮ ነው። በቅርብ ዓመታት በተደረገ ቁፋሮና የመሬት ውስጥ ምርመራ፣ ሕንፃው ብቻውን እንዳልነበረና በዙሪያው ሌሎች የአምልኮ ሕንፃዎችና አንድ ትልቅ ቴአትር ያሉበት ሰፊ ቅዱስ ሥፍራ እንደነበረ ታውቋል። ከሮማውያን በሺዎች ዓመታት የሚቀድም፣ በድንጋይ ዘመን የተሠራ አጥርም እዚያው ተገኝቷል። በሜዳው ላይ ቆማችሁ ሁለት ግድግዳ ብቻ ብታዩም፣ እግራችሁ የሚረግጠው ሣር ከሥሩ ብዙ ነገር ይዟል።

አስተማሪዋ ከግርኖብል

የቡርጎኝ ነዋሪ የጻፉትን በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን በቅደም ተከተሉ ላይ አልስማማም። በትምህርት ቤት ታሪክ ስለማስተምር፣ ልጆች ያልተሟላ ነገር ከማየታቸው በፊት የተሟላውን ቢያዩ እንደሚሻል አምናለሁ። ለሊዮን ነዋሪ ደግሞ የተሟላው ቅርብ ነው። ከሊዮን በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቪየን ከተማ የንጉሠ ነገሥቱ የአውግስጦስና የሚስቱ የሊቪያ ቤተ መቅደስ እስከ ጣሪያው ቆሞ ይገኛል፤ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘዋቸው ቢሄዱ፣ ኦተን ሲደርሱ ልጆቹ የሚያነጻጽሩበት ነገር ይኖራቸዋል።

ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው። የቪየኑ ቤተ መቅደስ በሮማውያን ሥርዓት የተሠራ ነው፤ ከፍ ባለ መደብ ላይ ቆሟል፣ ደረጃው ከፊት ለፊት ብቻ ነው፣ ዓምዶቹም ረጃጅም የቆሮንቶስ ዓይነት ናቸው። ሰው ከፊቱ ቆሞ ቀና ብሎ እንዲያየው ነው የተሠራው። የኦተኑ ደግሞ በየትኛውም ጎኑ ቢመጡበት አንድ ዓይነት መልክ ያለውና ሰው የሚዞረው ነው። አንዱ ለንጉሠ ነገሥቱና ለቤተሰቡ ክብር በከተማው አደባባይ የቆመ የመንግሥት ሕንፃ ነው፤ ሌላው ከከተማ ውጭ፣ በአገሩ ሕዝብ የቆየ ልማድ መሠረት የተሠራ ነው። ሁለቱም በዚሁ ዘመን፣ በዚያው የሮማ አገዛዝ ሥር መሠራታቸውን አንድ ልጅ ሲረዳ፣ «ሮማውያን ጎልን ድል አደረጉ» የሚለው የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ በራሱ ማሰብ ይጀምራል።

በቪየኑ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት ከዓምዶቹ በላይ ያለውን ድንጋይ ልብ ብለው ይመልከቱ። የነሐስ ፊደላት የተጣበቁባቸው የሚስማር ቀዳዳዎች ይታያሉ። ፊደላቱ ራሳቸው ከጠፉ ቆይተዋል፤ ሊቃውንት ግን ከቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ተነሥተው የአውግስጦስንና የሊቪያን ስም አንብበዋል። የኦተኑን ባለቤት ማንም ሊያውቅ ያልቻለው እንዲህ ያለ ምልክት ስላልተረፈ ነው። የቪየኑ ሳይፈርስ የቀረበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተደርጎ፣ በዓምዶቹ መካከል ግድግዳ ተሞልቶ፣ ሰው ሲገለገልበት ስለኖረ ነው። በእኛም አገር የየሓ ቤተ መቅደስ ግድግዳዎች ሳይናዱ ለዛሬ የደረሱት ሕንፃው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስላገለገለ እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ እዚያው ሊዮን ሳሉ አያምልጣችሁ። በፉርቪዬር ኮረብታ ላይ ባለው የሉግዱኑም ሙዚየም ውስጥ በ1528 በክርዋ-ሩስ ኮረብታ የተገኘ ትልቅ የነሐስ ሰሌዳ አለ። የተጻፈበት ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ በ48 ድኅረ ልደተ ክርስቶስ የጎል መኳንንት ወደ ሮማ ሸንጎ እንዲገቡ ለመፍቀድ ያደረገው ንግግር ነው። ቀላውዴዎስ የተወለደው በሊዮን ነው። ከዚህ ፈቃድ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ደግሞ የኦተን ሰዎች፣ ኤዱዋውያን ናቸው። ሰሌዳውን ያየ ልጅ በኦተን ያለውን ግድግዳ የሠሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ያውቃል፤ በሸንጎ ውስጥ ከሮማውያን ጋር ተቀምጠው የሚመክሩ፣ አገራቸው ሲመለሱ ግን በአባቶቻቸው ሥርዓት የሚሠዉ ሰዎች ነበሩ።

መንገደኛ ዘሊዮን (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነሐስ ሰሌዳው ከቤታችን ይህን ያህል ቅርብ እያለ አለማወቄ አስገርሞኛል፤ በዚሁ ሳምንት መጨረሻ እንሄዳለን። ባለቤቴም ምላሾቹን አንብባ በኦተን አንድ ሌሊት ብናድር ይሻላል ብላለች። የቀረኝ የታናሽ ልጄ ጥያቄ ነው፤ ያፈረሰው ማን ነው? እዚያ አገር ክርስትና እንዴት እንደገባ የሚያሳይ ነገርስ በኦተን ይገኛል?

የገድላት አንባቢ

እኔ የምኖረው በፓሪስ ነው፤ የምዕራብ ቅዱሳንን ገድል ማንበብ ስለምወድ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ልሞክር።

ይህን ቤተ መቅደስ ክርስቲያኖች እንዳፈረሱት የሚናገር የታሪክ መዝገብ የለም። ለልጅዎ የሚነገራት እውነተኛ መልስ፣ አምልኮው ከቆመ በኋላ ሰዎች ድንጋዩን ለሌላ ግንባታ ወሰዱት የሚለው ይመስለኛል። በመላው ጎል የሆነው ይኸው ነው፤ ጥርብ ድንጋይ ውድ ነገር ስለሆነ፣ ጠባቂ ያጣ ሕንፃ ለመንደሩ ሁሉ የድንጋይ ማውጫ ይሆናል። በመጀመሪያ የሚነሡት ትልልቆቹ ድንጋዮችና ዓምዶቹ ናቸው፤ በኖራ ተጣብቆ እንደ አንድ ቋጥኝ የጠነከረው የግድግዳ እምብርት ግን ለማፍረስ ከሚወስደው ድካም የሚገኘው ጥቅም ስለሚያንስ ይቀራል። ለዚህም ነው በረንዳው ጠፍቶ ሴላው የቆመው። ከዚያም በፊት ኦተን በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጎልን ግዛት ለብቻው ይገዛ የነበረውን ንጉሥ ተቃውማ ለ7 ወራት ተከብባ ከተዘረፈች በኋላ ወደ ቀድሞ ብልጽግናዋ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችም፤ እየደኸየች የሄደች ከተማ ታላላቅ ሕንፃዎቿን ማደስ አትችልም።

ይህን ስል ግን በዚያ አገር ቤተ ጣዖት አልፈረሰም ማለቴ አይደለም። በ397 ያረፈው የቱር ጳጳስ ቅዱስ ማርቲን በገጠሩ እየዞረ ቤተ ጣዖታትን ያፈርስ እንደነበር ገድሉ በሰፊው ይናገራል፤ ከታሪኮቹም አንዱ የተፈጸመው በዚሁ በኤዱዋውያን አገር ነው። ማርቲን ቤተ መቅደሱን ሲያፈርስ የአገሩ ሰዎች በቁጣ ከበቡት፤ አንዱ ሰይፉን መዝዞ ሲመጣበት ቅዱሱ መጎናጸፊያውን ጥሎ አንገቱን ሰጠው፤ ሰውየው ሊመታው እጁን ሲያነሣ ወደ ኋላው ተንጋሎ ወደቀ ይላል። ገድሉ የቤተ መቅደሱን ስምና ቦታ ስለማይጠቅስ፣ ከያኑሱ ሕንፃ ጋር ማያያዝ አይቻልም። ቢሆንም ልጆቹ ይህን ታሪክ እዚያ ሜዳ ላይ ቢሰሙት መልካም ነው፤ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ለገጠሩ ሕዝብ ምን ያህል ውድ እንደነበሩ ከሰይፉ ታሪክ ይታወቃልና።

ኦተን የራሷ ሰማዕትም አላት። ሲምፎሪያን የሚባል ወጣት ነው፤ የሲቤላ የምትባለው ጣዖት ምስል በሕዝብ ታጅባ በከተማው ስትዞር አልሰግድም በማለቱ ከቅጥሩ ውጭ ተሰየፈ። ወደ ሞት ሲወስዱት እናቱ በቅጥሩ ላይ ቆማ ልጄ ሆይ ጽና እያለች ታበረታታው እንደነበር ይተረካል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወደ ልቤ የመጡት ቂርቆስና ኢየሉጣ ናቸው። ደስ የሚለው ነገር፣ ከኦተን በስተምዕራብ በምትገኘው በኔቨር ከተማ ያለው ካቴድራል የተሰየመው በእነርሱ በቂርቆስና በእናቱ በኢየሉጣ ስም ነው፤ ጊዜ ካላችሁ ከመንገዳችሁ ወጣ ብላችሁ ብትሳለሙት አትቆጩም።

ክርስትና መቼ እንደገባ ለሚያሳይ ቁሳዊ ማስረጃ ደግሞ የጴክቶርዮስን የመቃብር ጽሑፍ የሚያህል አላውቅም። በ1839 በኦተን አሮጌ የመቃብር ቦታ የተገኘ፣ በተሰባበረ እብነ በረድ ላይ የተቀረጸ የግሪክኛ ግጥም ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስንኞች የመነሻ ፊደላት ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ «ዓሣ» የሚለውን የግሪክ ቃል ይሰጣሉ፤ ይህም የጥንት ክርስቲያኖች «ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መድኃኒት» የሚለውን እምነታቸውን የሚገልጹበት ምልክት ነበር። በጎል መካከል በግሪክኛ የጸለየ ሰው መቀበሩ፣ እምነቱ ከምሥራቅ እንዴት ተጉዞ እንደደረሰ ያሳያል። ጽሑፉ የሚገኘው በሮላን ሙዚየም ነው፤ ሙዚየሙ ሰፊ የእድሳት ሥራ ስለተጀመረበት መከፈቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ቢዘጋም ካቴድራሉ ከአጠገቡ ነው፤ የተሰየመው ጌታ ከመቃብር ባስነሣው በአልዓዛር ስም ሲሆን፣ ከበሩ በላይ ያለው የመጨረሻው ፍርድ ቅርጽ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። በ1766 የካቴድራሉ ካህናት ቅርጹን ስላልወደዱት በልስን አስደፈኑት፤ በ1837 ልስኑ ሲነሣ ከሥሩ ተገኘ። ሊያጠፉት የደፈኑት ልስን፣ በኋላ በመጣው የፈረንሳይ አብዮት ከመሰባበር አዳነው።

የቡርጎኝ ነዋሪ

አስተማሪዋ የቪየንን ቤተ መቅደስ በማንሣታቸው ደስ ብሎኛል፤ ቀድመው ቢያዩት እንደሚጠቅም እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ማከል እፈልጋለሁ። የቪየኑን የተሟላ፣ የኦተኑን ጎዶሎ አድርገን ለልጆች ከነገርናቸው፣ የጎል ሰዎችን ቤተ መቅደስ በሮማውያን መለኪያ እንዲለኩት እናደርጋቸዋለን። በጥንት ጊዜ ወደ ኦተን የሚመጣ መንገደኛ ያንን 24 ሜትር ማማ ከሩቅ አይቶ ወደ ቅዱስ ሥፍራ መቃረቡን ያውቅ ነበር። የቪየኑ ሕንፃ በከተማ አደባባይ መካከል ስላለ በዚህ መንገድ የሚታይ አይደለም። በፔሪግዌ ከተማ ያለውን የቬዞን ማማ ያየ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል፤ እሱም በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የቤተ መቅደስ ሴላ ሲሆን ቅርጹ ክብ ነው፣ ከፍታውም ከኦተኑ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ዛሬም ከቤቶቹ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ከክሌርሞን-ፌራን አጠገብ በፕዊ ደ ዶም ተራራ፣ በ1,465 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የመርኩሪ ቤተ መቅደስም እንዲሁ ከሩቅ እንዲታይ ታስቦ የተሠራ ነው። እነዚህን ለሌላ ዕረፍት ያቆዩአቸው።

አንድ ሌሊት ለማደር ከወሰናችሁ የሚከተለውን እመክራለሁ። መኪናችሁን ከአሩ በር አጠገብ አቁሙት። ይህ በር ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የቆመ ሲሆን ዛሬም መንገድ ያልፍበታል፤ ከታች ሁለት ሰፋፊ የመኪና ማለፊያ፣ ከዳርና ከዳር ሁለት ጠባብ የእግረኛ ማለፊያ አለው፤ ከላዩ ደግሞ በቅስት የተያያዙ ትናንሽ መስኮቶች ተደርድረውበታል። ይህን የላይኛውን ክፍል ልጆቹ በደንብ እንዲያዩት ያድርጉ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ካቴድራሉ ሲገቡ፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞች በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ይህንኑ በር አስመስለው እንደሠሩ ራሳቸው ያገኙታል። ከበሩ ወንዙን ተሻግራችሁ በእግር ወደ ቤተ መቅደሱ መሄድ ይቻላል። በመኪና እስከ ደጁ ከመድረስ ይህ ይሻላል፤ ከከተማው ወጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቅዱሱ ሥፍራ መሄድ ከጥንቱ ጉዞ ጋር ይመሳሰላልና።

ሜዳው ክፍት ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም። በሚያዝያ ዝናብ ሊኖር ስለሚችል ለልጆቹ ጭቃ የሚችል ጫማ ያስፈልጋቸዋል። ግድግዳዎቹ ላይ መንጠላጠል ፈጽሞ አይገባም፤ ያረጀ ኖራ በትንሽ ጉዳት ስለሚፈርስና ከላይ ድንጋይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ሥራቸውም ተጠግቶ መቀመጥ ደኅና አይደለም። ፀሐይ ዘንበል ስትል በየመስመሩ ያሉት ቀዳዳዎች ጥላ ስለሚይዙ ጎልተው ይታያሉ፤ ቀትር ላይ ግን ግድግዳው ሁሉ አንድ ወጥ ይመስላል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ካቴድራሉን አይታችሁ አመሻሹ ላይ ወደ ሜዳው ብትመለሱ ጥሩ ነው።

ምሳችሁን በከተማው ማዶ ባለው የሮማውያን ቴአትር ደረጃዎች ላይ ብትበሉ ልጆቹ ይዝናናሉ፤ በጎል ከነበሩት ትልልቅ ቴአትሮች አንዱ ስለነበር ስፋቱ ራሱ የከተማዋን የቀድሞ ክብር ይናገራል። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቦቭሬ ተራራ ሂዱ፤ ከኦተን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቢብራክት ሙዚየም በብርዱ ወራት ቢዘጋም በሚያዝያ ክፍት ነው። በተራራው ላይ ደን ውስጥ የጎሎቹ ከተማ በርና የቤቶቻቸው መሠረት በቁፋሮ ወጥቶ ይታያል። ትልቁ ልጅዎ የቬርሲንጄቶሪክስን ታሪክ እዚያ ሆኖ ይተርክላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሊዮን የሚወስደውን መንገድ ብትይዙ ለእራት ቤታችሁ ትደርሳላችሁ።